የአባትሽን ቤት ለሱቅ ኪራይ አታስይዢ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግሽ፣ አልተገኘም። እናትሽ የመንዝ ሰው ናቸው፤ በሶ አዘገጃጀታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከእሳቸው ጋር በሶ እያዘጋጀሽና እያሸግሽ ለመሸጥ አሰብሽ። አጎትሽ ግን «ዲግሪ ይዛ በሶ በፌስታል አንጠልጥላ ልትዞር ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ አባትሽ የመኖሪያ ቤታቸውን ካርታ ባንክ አስይዘው ሊበደሩልሽ ተነሱ። መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ ትከራያለሽ፣ መስታወትና መደርደሪያ ታስገቢያለሽ፣ በወጉ ትጀምሪያለሽ። «አባቴን እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እምቢ በያቸው። በአክብሮት፣ ግን እምቢ በያቸው።

በሶው ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔን የከነከነኝ ሱቁ ነው። ያ ሱቅ የታሰበው ለዘመድ ነው፤ ገዢ አልጠየቀውም። አጎትሽ ሰው ሲጠይቃቸው «ሱቅ ከፍታለች» ብለው እንዲመልሱ ነው። ለይሉኝታ ተብሎ በየወሩ ኪራይ አይከፈልም። እሳቸው ለብድሩ ዋስ ሆነው ይፈርማሉ? እስቲ በትሕትና ጠይቂያቸው።

ወደ ምክር ሥራው ከመምጣቴ በፊት ባንክ፣ ብድር ክፍል ነበር የምሠራው። እዚያ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ልጁ ሲፈርም ደስ ብሎት ነው። አባት ከጎኑ ተቀምጠዋል። ካርታውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ በጨርቅ አስረው ነው ያመጡት። ቋጠሮውን ሲፈቱ እጃቸው ቀስ ይላል። ሱቁ አልሄድ ብሎ ክፍያው ሲያልፍ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸውም ነው። እኔም ከደዋዮቹ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ቤት ተይዞ ንግድ ይጀመር ሲባል ቶሎ አልስማማም።

ሕጉንም እወቂው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ደግሞ እናትሽም መፈረም አለባቸው። በደብዳቤሽ የአባትሽን ፈቃድ ነግረሽኛል። የእናትሽን አልነገርሽኝም።

አሁን በሙያሽ እናውራ። ኪራዩ በወር 8,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ኪሎ በሶ ወጪሽ ሁሉ ተቀንሶ 40 ብር ተረፈሽ እንበል። ለኪራዩ ብቻ በወር 200 ኪሎ መሸጥ አለብሽ፤ በቀን ወደ ሰባት ኪሎ። ያ ሁሉ ለአከራዩ ነው። የባንኩ ክፍያ፣ መብራቱ፣ የአንቺ ደመወዝ ገና አልተነሳም። የአካባቢያችንን ሁኔታ ደግሞ ታውቂዋለሽ። በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ገበያው ይቆማል፤ ወለድ ግን ይቆጥራል።

ደብረ ሲና አውቶቡስ ሲቆም አይተሻል መቼም። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ስር ናቸው። ሱቅ የላቸውም፣ ቆሏቸውን ግን በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ገዢው የት እንዳለ ስለሚያውቁ እዚያው ይሄዱለታል። የአንቺስ ገዢ የት ነው? ዶርም ውስጥ፣ በፈተና ሰሞን ሌሊት በሶ እየበጠበጠ የሚያጠናው ተማሪ ነው። ጂም የሚሠሩት ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጠው የአገር ቤት በሶ የሚናፍቃቸው የሸዋ ሰዎች ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዕቃ በመኪና ይላካል። ለእነዚህ ሰዎች ስልክሽና ቴሌብር ይበቃሉ።

ልጆች እያስጠናሽ ያጠራቀምሽውን ብር ጠቅሰሻል። በእሱ ጀምሪ። 25 ኪሎ ገብስ ግዢ። ተፈትጎ ስንት ኪሎ ቀረ? ተቆልቶስ? ከወፍጮ ሲመለስስ? በየደረጃው መዝነሽ ጻፊ። ገለባው ይሄዳል፣ እርጥበቱ ይተናል፣ ወፍጮውም የራሱን ያስቀራል። ብዙ ሰው ዋጋ የሚያወጣው በገዛው ገብስ ኪሎ ነው፤ የሚሸጠው ግን ከዚያ ያነሰውን በሶ ነው። ሲሸጥ ይውላል፣ ማታ ትርፉ የለም። የማገዶውን፣ የማሸጊያውን፣ የትራንስፖርቱንም አትርሺ።

የእናትሽንም ድካም ዋጋ አውጪለት። እናት ናት ተብሎ በነጻ የተያዘ ጉልበት ሒሳቡን ያሳስታል። ሥራው ሰፍቶ ቆይ ሰው ልቅጠር ስትዪ በዚያ ዋጋ መሸጥ እንደማያዋጣ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ ደግሞ ደንበኛ ዋጋውን ለምዶታል። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ፣ አካውንታንትም ብትሆኚ ወደ ቤት ሲመጣ መዝገብ የሚይዝ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ ልመልስ። ጓደኛሽ እኩል እንሥራ ካለችሽ፣ ማን ምን ያህል እንዳዋጣና ማን ምን እንደሚሠራ ሳይጻፍ አትጀምሩ። የመንግሥት ሥራ ማስታወቂያ መከታተልሽን አታቁሚ፣ ከበሶው ጋር አይጋጭም። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት አውጪ፣ ለንግድ ፈቃድ ደግሞ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ለምግብ ሥራ የሚጠይቁትን የብቃት ማረጋገጫም እዚያው ጠይቂ። ለጊዜው በግለሰብ ነጋዴነት መመዝገብ ይበቃሻል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ እሱ ሥራው ሲያድግ ይደርሳል።

ለአባትሽ እንዲህ በያቸው፦ «አባዬ፣ ካርታው እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። መጀመሪያ ሸጬ ላሳይዎት።» እንዲህ ያለ አባት ስላለሽ ደስ ብሎኛል። ቤታቸውን ከሰጡሽ፣ ጥቂት ወራት መታገሥም አያቅታቸውም።

ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን በሶ ይፈለጋል። ጾሙ ሳይደርስ የመጀመሪያውን ገብስ ጨርሰሽ ማን ተመልሶ ከአንቺ እንደገዛ ለዪ። ጾሙ ሲፈታ መዝገብሽን ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ሱቅ ያኔ በቁጥር እናወራለን።