ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለምትወጡ፦ ቀብድ ያለ ደረሰኝ እንዳትከፍሉ

«ከአዲስ አበባ 25 ሰው ሆነን፣ አዛውንትም ሕፃናትም ይዘን ጥር ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ልንውል ነው፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም አምና እንደ አንቺው 22 ሰው ይዤ ሄጄ ነበር። የት የት እንደሚያምር ሌሎቹ ነግረውሻል። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1ኛ፦ ደርሶ መልስ አታስቢው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ በፈጣን መንገዱ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ካለቀ ወዲያ ግን ባጃጁም ጋሪውም ከብቱም መንገድ ላይ ነው። አርብ ገብታችሁ እደሩ።

2ኛ፦ ቀን ምረጪ። ጥር ማለትሽ ጥሩ ነው። ታኅሣሥ 19 ቢሆን ኖሮ ለገብርኤል ከተማው በምዕመን ስለሚሞላ አልጋ አታገኚም ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም ሐይቁ ዳር ያለው የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሰው በሰው ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ አንድ ቀን ለብቻው ሄደሽ እዪው። አዛውንት ይዞ ለማረፍ ግን አይሆንም።

3ኛ፦ ቀብድ። ወይ ቀብድ! ሐይቁ ዳር ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ ቦታ በስልክ ተስማማሁ። ሰውዬው «ግማሹን በቴሌብር ላኪልኝና ጨርሰናል» አለኝ። 6,000 ብር ላክሁ። ደረሰኝ ስለው «ስትመጪ ትወስጃለሽ» አለ። አመንኩት።

ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ኮስተራችን በሩ ላይ ቆመ። ጥበቃው አላስገባም አለ። በአጥሩ ሳይ ዛፉ ሥር ነጭ ጨርቅ የለበሱ የሰርግ ወንበሮች ተደርድረዋል። ቢሮ ገባሁ። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት። ቀና ሳትል «ለማን ነው የከፈልሽው?» አለች። ስሙን ነገርኳት። «እሱ እዚህ አይሠራም።» የቴሌብር መልእክቱን ባሳያትም «የላክሽለትን ሰው ጠይቂ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የ74 ዓመት እናቴ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ እየመታት ትጠብቀኛለች። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያ ቀና አለማለቷ ነው አሁንም የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ በግለሰብ ስልክ አንድ ብር እንዳትልኪ። በድርጅቱ ስም ባለ አካውንት ክፈይ። ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና የትኛው ቦታ እንደሆነ ይጻፍ፤ ማኅተም ይኑረው። ሐዋሳ ዘመድ ካለሽ ቀድሞ ሄዶ በዓይኑ ይይልሽ።

ያን ቀን ያወጣን ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያና መናፈሻ፣ አሞራ ገደል ነው። በር ላይ ከፍለን ገባን፣ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን፣ አለቀ። ቀብድ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። በማግስቱም ተመልሰን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረስን፤ አንቺም በዚያ ሰዓት ሂጂ። አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በቢላ እየገፈፉ ያዘጋጃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ከኋላ ቆመው አንጀቱ እስኪወረወር ይጠብቃሉ። እናቴ የአሳውን ሾርባ በሁለት እጇ ይዛ «ይሄ ነው ሐይቅ ዳር ማለት» አለች። እኔ ያኔ ነው የተነፈስኩት። ጥሬውን አሳ ግን ለልጆች አትስጡ።

ምሳችሁን ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ። እኛ ድፎ ዳቦውን ከኮባው አውጥተን ልንቆርስ ስንል ጦጣ ከላይ ወርዶ ሩቡን ገንጥሎ ወጣ። ልጆቻችን ጦጣዎቹን ማባበል ጀመሩ፤ እንዳትፈቅዱላቸው፣ ይቧጭራሉ።

ልጆች ውኃው ውስጥ አይግቡ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለ። መዋኘት የግድ ከሆነ በመንገዳችሁ ላይ ላንጋኖ ጎራ በሉ።

ጀልባ የምትወጡት ከጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያንገላታል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት «በሰው ነው በጀልባ?» ብለሽ ቁርጥ አድርጊ፤ ላይፍ ጃኬቱንም ቆጥረሽ ለእያንዳንዱ ልጅ ራስሽ እሠሪለት። እኛ 9 ልጆች ይዘን 6 ጃኬት ብቻ ስላገኘን ሁለት ዙር አደረግነው። ጀልባ ነጂው አጉረመረመ፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም።