ጥያቄና መልስ፦ የሆርሙዝ ውጥረትና የነዳጃችን መንገድ

በባሕር መድን ሥራ የቆዩት አባላችን ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጥያቄ፦ ባብ ኤል መንደብ (የቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ) ቢዘጋ ነዳጃችን አይቋረጥም?

መልስ፦ ደጋግሜ የምለው ካርታውን ተመልከቱ ነው። ከኩዌት የሚነሣ ነዳጅ ከኢራን በስተደቡብ ባለው የሆርሙዝ መተላለፊያ ወጥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ስለሚደርስ ባብ ኤል መንደብን አያቋርጥም። በዚያ የሚያልፈው ከአውሮፓ በስዊዝ የሚመጣው ዕቃ ነው። ሆርሙዝ ሲታወክ ግን ሳዑዲ ዓረቢያ ድፍድፏን በቧንቧ ወደ ያንቡ ልታሻግር ትችላለች፤ ያንቡ የቀይ ባሕር ወደብ በመሆኗ፣ እዚያ ተጣርቶ ወደ ጅቡቲ የሚጫነው ነዳጅ አንዱን መተላለፊያ ሸሽቶ ሌላው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ መንገዱ ሳይዘጋ ዋጋው ለምን ይንራል?

መልስ፦ ሰው ሁሉ ሚሳይሉን ያያል እንጂ የመድን ውሉን አያነብም። የተለመደው የመርከብ መድን የጦርነት አደጋን አይሸፍንም። ስለዚህ የለንደን የመድን ገበያ አደገኛ ብሎ ወደ መዘገበው ቀጣና የሚገባ ሁሉ ተጨማሪ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) ይከፍላል፤ ሽፋኑም ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ለ7 ቀናት ብቻ ነው። የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙ በኋላ በነበሩት ወራት የቀይ ባሕር ተመን እስከ መርከቡ ዋጋ 1 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። 50 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ መርከብ ይህ በአንድ ጉዞ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ጥይት ያልነካው መርከብም ይከፍለዋል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ መቼ ይረክሳል?

መልስ፦ ትንቢት አልናገርም።

አንድ አባል፦ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪካችንም ከውኃ ነው፤ ሆርሙዝ ምን አገባን?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ከጎጃም ጤፍ የሚያመጣው አይሱዙ በምን ይነዳል?

መልስ፦ በናፍጣ። ክርክሩን በሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ኢራን ሆርሙዝን የመዝጋት ሕጋዊ መብት አላት?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 38 እና 44 ለመርከቦች የመሸጋገር መብት ይሰጣሉ፤ የዳርቻ አገሮችም ሊያግዱት አይችሉም። ኢራን ግን ፈርማ አላጸደቀችም፤ ስትፈርምም መብቱ የስምምነቱ አባላት ብቻ እንደሆነ አስታውቃለች። አሜሪካም አባል ሳትሆን መብቱ ልማዳዊ ሕግ (አገሮች በልማድ የተቀበሉት ሕግ) ስለሆነ ሁሉንም ይገዛል ትላለች። እኔ ሁለተኛው አቋም ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ይሁንና መድን ሰጪው ዓረቦኑን የሚተምነው የፍርድ ቤት ውሳኔ ጠብቆ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባብ ኤል መንደብ ቢዘጋ ነዳጅ…

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ከጀርመን ማሽን አዝዣለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመጫኑ በፊት የጭነት መድንዎ የጦርነት አደጋ ሽፋን እንዳለው ያረጋግጡ። ይህ ሽፋን በተለመደው ውል ባሕር ላይ ላለ ጭነት እንጂ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ በየብስ ለሚጓዝ ዕቃ አያገለግልም።