ይህን ሸክም ልቻለው ወይስ ላውርደው?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ደምስሼዋለሁ። ለሰው የሚነገር ጉዳይ አልመስል ብሎኝ ነው። ዛሬ ግን ይውጣልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬ 31 ነው። መምህርት ነኝ፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ችግሬ ጡቴ ነው። ገና በ13 ዓመቴ ከእኩዮቼ ቀድሞ አደገ። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አላውቅም። ማታ ቤት ገብቼ ጡት መያዣዬን ስፈታ ግን ከአንገቴ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ይቀለኛል።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የማስተምረው። ከሰዓት በኋላ ላይ ከማጅራቴ ጀምሮ እስከ ትከሻዬ ድረስ ያቃጥለኛል። አንዳንድ ቀን ጣቶቼ ይደነዝዙና ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። በቀደም ልብስ ስቀይር ልጄ ጠጋ አለችና ጣቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። የጡት መያዣዬ ማንገቻ ለዓመታት የቦረቦረው ቦታ ነው። ትንሿ ጣቷ ልክክ ብላ ገባች። «እማ፣ ማነው እዚህ ጋ የቆፈረሽ?» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ሙቀት ሲሆን ከጡቴ ሥር ያለው ቆዳ ይላላጣል። ስስ የጥጥ ጨርቅ አጥፌ ከሥሩ እሸጉጥና በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቼ እቀይረዋለሁ። ቅባት ይታዘዝልኛል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ይመጣል። መሮጥ ከተውኩ ቆየሁ።

በቅርቡ አንድ ሐኪም ጡት የማሳነስ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ነገረኝ። ቤት ስናገር ግን ሁሉም ተነሳብኝ። እናቴ «እኔም ይዤው ኖሬያለሁ፣ ምን ሆንኩ?» አለች። ባለቤቴ «ለቁንጅና ብለሽ ሰውነትሽን ልታስቀጂ ነው?» አለኝ። እህቱ ደግሞ «መጀመሪያ ክብደት ቀንሺ» አለችኝ። 9 ኪሎ ቀነስኩ። ፊቴ ከሳ፤ ጡቴ ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህ ሕክምና ለእኔ ይሆናል? ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ መድገም እፈልጋለሁ፤ ማጥባት እችላለሁ ወይ? የጡት ጫፍ ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና ይሰፋል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በተረፈ ጤነኛ ነኝ። በቀን ሁለት ሦስት ሲጋራ ብቻ አጨሳለሁ፤ እሱንም ማንም አያውቅም።

ትከሻዬ የደከመኝ

*

እህቴ፣

እንኳን አልደመሰስሽው። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ያቺ አጥፈሽ የምትሸጉጫት ጨርቅ ናት። በየእረፍቱ ጨርቅ የምትቀይር ሴት «ለቁንጅና ነው» ስትባል ያማል።

ሰው የሚሳሳተው ለምን እንደሆነ ግን ይገባኛል። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ጡት ማስተለቅና ፊት ማስተካከልም የእነሱ ሥራ ስለሆነ ሁሉም አንድ ላይ ይታማል። ዓላማው ግን ለየቅል ነው። እዚህ ጋ የሚወጣው ሕመም የሚያመጣ ክብደት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጡት ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ የሚወጣላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው።

ስለ ክብደት መቀነሱ ልንገርሽ። ጡት ስብም የወተት እጢም አለው። መጠኑ ከሴት ሴት ይለያያል። ስቡ የሚያመዝንባት ስትከሳ ጡቷም አብሮ ይቀንሳል። እጢው የሚያመዝንባት ግን አንቺ እንዳየሽው ፊቷ ይከሳል እንጂ ጡቷ አይነካም። ያቺ 9 ኪሎ ግን ከንቱ አልቀረችም። ሐኪሞች ክብደቷ ረግቶ የቆየ ሴት ይመርጣሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ መክሳት ወይም መወፈር የተሠራውን ቅርጽ ያበላሸዋልና።

ይሆነኛል ወይ ላልሽው፣ በጻፍሽልኝ ምልክት ብቻ ከሆነ አዎ፣ አንቺን ለመሰለች ሴት ነው። የማጅራትና የትከሻ ሕመም፣ የማንገቻው ጉድጓድ፣ ተመላልሶ የሚመጣው መላላጥ፣ ከስፖርት መራቅ፣ እነዚህን ነው ሐኪሙም የሚጠይቅሽ። የጣቶችሽ መደንዘዝ ግን ከአንገት አጥንት ወይም ከእጅ አንጓ ነርቭም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ለብቻው ይመርመር። ጡትሽ ቀንሶ መደንዘዙ ቢቀጥል ታዝኛለሽ።

የማይሆንላቸውም አሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም እያጠባች ያለች ትጠብቃለች። ስኳሯን መቆጣጠር ያቃታት መጀመሪያ እሱን ታስተካክላለች። ጡቷ ገና እያደገ ያለች ልጅም፣ ሕመሟ እጅግ ካልከፋ በስተቀር፣ እድገቱ እስኪቆም ብትታገሥ ይሻላል። ካለበለዚያ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። እኔ ደግሞ አንድ እጨምራለሁ፤ ሌላ ሰው ደስ እንዲለው ብላ የምትሄድ ሴት ትቅር። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። አንቺ እንዲያውም ሁሉም እየተቃወመሽ ነው የምትጠይቂው።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳሽ ነገር ልምጣ። ቀዶ ሕክምናው የሚጀምረው ገና ሳትተኚ ነው። ሐኪሙ ቆመሽ ሳለ በማርከር ደረትሽ ላይ ይሠምራል፤ ስትተኚ ጡት ቦታውን ስለሚቀይር ነው። ከዚያ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶሽ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። በጣም የተለመደው አቀዳደድ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ይዞርና ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጡቱ በጣም ትልቅ ሲሆን ደግሞ ከሥር ባለው እጥፋት ወደ ጎን ይሄዳል። ትርፍ ቆዳ፣ ስብና እጢ ይወጣና ጡቱ ከፍ ብሎ ይሰፋል። የጡት ጫፍ በአብዛኛው ተቆርጦ አይወጣም። ደምና ስሜት ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ወደ አዲሱ ቦታው ከፍ ይላል። የሰማሽው ወሬ ግን ጨርሶ ውሸት አይደለም። ጡቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ሲሆን ወይም የደም ዝውውሩ የሚያሰጋ ሲሆን ጫፉ ተነሥቶ እንደገና የሚተከልበት ጊዜ አለ። ያኔ ስሜቱም ማጥባቱም በአብዛኛው ይቀራል። ለአንቺ የትኛው እንደታሰበ በግልጽ ጠይቂ።

እዚህ ላይ ነው ሲጋራሽ የሚመጣው። በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንዲት መስመር ያለፍሽውን እኔ አላልፈውም። ያ ከፍ የሚደረገው የጡት ጫፍ በሕይወት የሚቆየው በቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ኒኮቲን ደግሞ እነዚያን ሥሮች ያጠብባል። ቁስሉ አልድን ሊል፣ ስፌቱ ሊከፈት፣ ሲከፋም የጡቱ ጫፍ ሊሞት ይችላል። «ሁለት ሦስት ብቻ» የሚባል ነገር እዚህ ጋ አይሠራም። ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው 4 ሳምንት በፊትና 4 ሳምንት በኋላ ሙሉ በሙሉ ማቆም ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚጨሰውም ኒኮቲን ካለው ያው ነው። የምታጨስን ሴት አልሠራም የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ልክ ናቸው። ከቤት ሰው መደበቁን አንቺ ታውቂያለሽ። ከቀዶ ሐኪምሽና ማደንዘዣ ከሚሰጥሽ ባለሙያ ግን በፍጹም እንዳትደብቂ፣ እለምንሻለሁ።

ወደ ልጅ መድገሙ ስንመጣ የኔ ምክር ይለያል፤ ምናልባት አትወጂው ይሆናል። ብትጠብቂ ይሻልሻል። ጫፉ ከሥሩ ሳይለይ ከተሠራ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያጠቡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ቢሆንም አስቀድሞ ማረጋገጫ የሚሰጥሽ የለም። የተወሰኑ የወተት ቱቦዎች ይቆረጣሉ። አንዷ ሙሉ ታጠባለች፣ አንዷ በሌላ ወተት እያገዘች፣ አንዷ ጭራሽ አይሆንላትም። እርግዝናም ራሱ ጡትን ያተልቃል፤ የተሠራውን ቅርጽ ይቀይረዋል። ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም። ከወለድሽና ካጠባሽ በኋላ፣ ጡትሽ ለጥቂት ወራት ሲረጋ ብትሠሪው አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ሕመሙ ከዚህ በላይ አያስኖረኝም ካልሽ ወይም ስለ ልጁ ገና ካልቆረጥሽ ግን አሁን መሠራትም መብትሽ ነው። የማጥባቱን ነገር ብቻ ዓይንሽን ገልጠሽ ግቢበት።

ጠብቂ ስልሽ ዝም ብለሽ ተሰቃዪ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ በትክክል ተለክተሽ ጡት መያዣ ግዢ። ክብደቱን መሸከም ያለበት ደረት ላይ የሚዞረው ክፍል ነው፣ ማንገቻው አይደለም። ያንቺ ትከሻ የተቦረቦረው ዙሪያው ላልቶ ሸክሙ ሁሉ ማንገቻው ላይ ስላረፈ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ማንገቻ ያለው ይሁን። የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒም ጀምሪ። መንስኤውን ባያጠፋውም ያስታግሳል። የተላላጠውን ቦታ አጥበሽ በደንብ አድርቂው፤ ሳትፈትጊ፣ ጨርቁን ጫን ጫን እያደረግሽ። እየተመላለሰ የሚመጣ መላላጥ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ስላለበት ለምንድነው የማይለቀኝ ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። በየጊዜው የታከምሽበትን ወረቀትም አትጣዪ። ክፍያውን የሚሸፍንልሽ መድን ካለ፣ ችግሩ የጤና መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ የቅርብ ዘመዴን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ አስታምሜያለሁ። በማግስቱ ከአልጋዋ ስትነሳ የሆነችውን አልረሳውም። ቆመች፣ ከዚያ ትከሻዋን ወደ ኋላ አደረገች፣ ከዚያ ዝም ብላ ቆየች። «ወደ ፊት የሚጎትተኝ ነገር የለም» አለችኝ። ገና ፋሻዋ ሳይፈታ ነው ይህን ያለችው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሁለቱ ስፌቶች ከሥር የሚገናኙበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል ተከፈተች። አለቀሰች። ሐኪሟ ይህ የተለመደ እንደሆነ ነግሯት በየቀኑ ፋሻ እየቀየርን ሳምንታት ፈጅቶ ተዘጋ። የግራ ጡቷ ጫፍ እስከ ዛሬ ስሜት የለውም። ሁለቱ ጡቶቿ እኩል አይደሉም፤ እሷ ካልነገረችሽ ግን አታውቂም። ትጸጸቺያለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ቶሎ ባለማድረጌ ብቻ ነው አለችኝ። ሁሉም ሴት እንደሷ ትላለች አልልሽም። ግን ከፕላስቲክ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ታካሚዎቹ በጣም ከሚረኩባቸው አንዱ ይህ ነው።

ጠባሳ ይኖርሻል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ከዚህ በፊት ቁስልሽ አብጦ ጠንካራ ጠባሳ የተወ ከሆነ፣ ኬሎይድ የሚሉት ማለት ነው፣ አስቀድመሽ ተናገሪ። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛልና። እንደ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ደም መቋጠር፣ ማመርቀዝና በእግር ሥር ደም መርጋትም አለ። ቶሎ ተነሥቶ መራመድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የወጣው ሥጋ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይላክ እንደሆነም ጠይቂ። በቤተሰብሽ የጡት ካንሰር ካለ ደግሞ ሐኪምሽ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይወቅ፤ ጡትሽን በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም አስቀድሞ ማየት ሊፈልግ ይችላል።

ለሥራሽ አስቢበት። ብዙ ሴት ከሁለት ሳምንት አካባቢ በኋላ ወደ ቀላል ሥራ ትመለሳለች። አንቺ ግን እጅሽን አንሥተሽ ሰሌዳ ላይ የምትጽፊ ሰው ነሽ። ስለዚህ የትምህርት ቤት ረጅም እረፍት ሲጀምር ብታደርጊው ይሻላል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አይነሣም። ልጅሽም ከባድ ናት። ማቀፍ እንደማትችዪ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ቁጭ ብለሽ ጎንሽ እንድትለጠፍ አለማምጃት።

እናትሽን አትቀየሚያት። ይዛው ኖራለች፣ እውነቷን ነው። አንድ ቀን ግን ረጋ ብላችሁ ስትቀመጡ ጀርባዋን ያማት እንደነበር ጠይቂያት። ምናልባት እሷንም እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቃትም።

ባለቤትሽን ደግሞ ለምክክሩ ይዘሽው ሂጂ። እዚያው ሆኖ ይጠይቅ፣ እዚያው ይፍራ። ከዚያ በፊት ግን ልጅሽ ጣቷን ያሳረፈችበትን ቦታ እሱ በእጁ ነክቶት ያውቃል? ዛሬ ማታ አሳዪው።