ጥያቄና መልስ፦ ቶንካትሱ ቤት የተጋበዘ ክርስቲያን ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ እንደምን አሉ? የምሠራው ቶኪዮ ነው። በጥቅምት መጨረሻ፥ ዓርብ ማታ፥ አለቃችን ሁላችንንም ቶንካትሱ ቤት ጋበዘን። የአሳማ ሥጋ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበስበት ቤት ነው። አሳማ አልበላም ማለት አሳፈረኝና «ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬ የሽሪምፕ ጥብስ አዘዝኩ። ሾርባውን ከጠጣሁ በኋላ ግን የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አብሮኝ የነበረው ሌላ ኢትዮጵያዊ፥ እሱም ኦርቶዶክስ ነው፥ «የኦሪት ሕግ ተሽሯል» ብሎ አሳማውን በላ። ተቆጣሁት፤ ተቀያየምን። ረክሻለሁ ወይ? ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ልግባ ወይስ ልቅር? ለመቁረብም እየተዘጋጀሁ ነበርና ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፥ አልረከስክም። ሳታውቅ የጠጣኸው ሾርባ ነፍስህን አላቆሸሸም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ ወደ ሆዱ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ አስተምሯል። ለቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ ሰገነት ላይ «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» የሚል ድምፅ መጥቶለታል። ራእዩ በመጀመሪያ ስለ ቆርኔሌዎስና ስለ አሕዛብ ቢሆንም፥ ምግብን እንደ ርኩሰት ምንጭ አድርጎ የሚፈራውን ልብም ያሳርፋል።

«ታዲያ እኛ አሳማ የማንበላው ለምንድን ነው?» ትለኝ ይሆናል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እርያን ሰኮናው የተሰነጠቀ ነገር ግን የማያመሰኳ ስለሆነ ከማይበሉት ይቆጥረዋል፤ አባቶቻችንም ይህን ልማድ ተቀብለው ጠብቀውታል። የጠበቁት ግን እንደ አይሁድ በሕጉ ለመጽደቅ አልነበረም። የካቶሊክ ሚስዮናውያን «ኦሪትን ትከተላላችሁ» ብለው በከሰሱን ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው መልስ ሰጥተዋል። ስለ እርያ ሥጋም ሲናገሩ፥ የምንተወው እንደ አይሁድ ሕግ አስሮን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፈውም፥ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም ብለዋል። ለዚህም የጠቀሱት ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን ነው። ይህ መግለጫ ከተጻፈ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የጠራ መልስ አላገኘሁም።

እንግዲህ ጓደኛህ ኦሪት አታስረንም ማለቱ ልክ ነው። የተሳሳተው፥ ሕግ ካላሰረኝ ሥርዓትም አያገባኝም ብሎ በማሰቡ ነው። ልጅ የአባቱን ቤት ሥርዓት የሚጠብቀው ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ልጅ ስለሆነ ነው። ከአበው በተቀበልነው መታዘዝ ውስጥ ትሕትና አለ፤ ያም በረከት አለው። አንተ ደግሞ በገበታ ላይ፥ በሰው ፊት፥ ወንድምህን መቆጣትህ «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» የሚለውን ቃል መጣስ ነው። ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። ስለ ሥርዓቱ ልትነግረው ከፈለግህ ከታረቃችሁ በኋላ ንገረው።

አሁን ደግሞ አንተ ያልጠየቅኸኝን ልንገርህ፤ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ እርሱ ነውና። ግብዣው ዓርብ ነበር ብለሃል። ስለ አሳማው እንቅልፍ አጥተሃል፤ ስለ ዓርቡ ግን አንድ ቃል አልጻፍክም። ረቡዕና ዓርብ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፥ ልደትና ጥምቀት ካልዋሉባቸው፥ የአዋጅ ጾም ናቸው። ረቡዕ ጌታን ለመያዝ ምክር የተመከረበት፥ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ነው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ስለዚህ ይደነግጋል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ መብላት ቢፈቀድም፥ ጥሉላት ግን ማታም አይበላም። አንተ ከአሳማ የሸሸህ መስሎህ ያዘዝከው ሽሪምፕ በእንቁላል ተለብጦ ነው የተጠበሰው። በዚያ ላይ ብዙ ቶንካትሱ ቤቶች የሚጠብሱት በአሳማ ስብ፥ ወይም የአሳማ ስብ በተቀላቀለበት ዘይት ነው። ደግሞም የዘሌዋውያንን ምዕራፍ 11 ሥርዓት እንጠብቅ ካልን፥ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ከእርያ ጋር ተቆጥሯል። አየህ ወንድሜ፥ ከምግብ አንዱን መርጠን በእርሱ ብቻ ስንፈራ፥ ፍርሃቱ ጾሙን ራሱን ያስረሳናል።

ቀጥሎ ስለ ሐኪሙ ላንሣ። ሐኪም አልከለከለህም። ጌታ ከልብ ይወጣሉ ብሎ ከቆጠራቸው መካከል ተንኰል አለ፤ ስለዚህ ከሾርባው ይልቅ ያችን ቃል ፍራት። በባቢሎን ቤተ መንግሥት የነበረውን ነቢዩ ዳንኤልን አስብ። የንጉሡን መብል ላለመብላት በልቡ ሲያስብ «ታምሜአለሁ» አላለም፤ የጃንደረቦቹን አለቃም አልሰደበም። በትሕትና ለመነ፤ አትክልትና ውኃ ስጡንና በ10 ቀን ፈትኑን አለ። አለቃውም ወደደው።

ጃፓናውያን ይህን የማይረዱ አይምሰልህ። ከምግብ መከልከል ለእነርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሣቸው ቴንሙ በ675 እ.ኤ.አ. የላምን፣ የፈረስን፣ የውሻን፣ የዝንጀሮንና የዶሮን ሥጋ እንዳይበሉ ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላም በቡድሃ ትምህርት ምክንያት ለብዙ ዘመን የእንስሳ ሥጋ በአብዛኛው ይሸሹ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተነገረው ገና በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። በቶኪዮ ጊንዛ ሰፈር ያለው ሬንጋቴይ የተባለው ቤት ለቶንካትሱ መነሻ የሆነውን የአሳማ ጥብስ ማቅረብ የጀመረውም በ1899 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። በገዳሞቻቸው ዛሬም ሥጋ የሌለበት ምግብ ይዘጋጃል። ስለዚህ አለቃህን «ቡታኒኩ ዋ ታቤማሴን»፥ አሳማ አልበላም፥ የሃይማኖቴ ሥርዓት ነው ብትለው አያፍርብህም። ደግሞ ቀድመህ ብትነግረው ይመረጣል፤ ገበታ ከቀረበ በኋላ መናገር ጋባዥን ያሳቅቃል።

ወደዚያ ቤት መግባት ኃጢአት አይደለም። አብረውህ የሚሠሩትን ሰዎች ከመራቅ አብረህ መቀመጥ ይሻላል፤ ጌታም ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀምጧል። ሌሎቹ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ገጥመው ምስጋና ሲሉ አንተ አማትበህ አቡነ ዘበሰማያት በልብህ ድገም፤ ማንም አይከለክልህም። በፍስክ ቀን ከሆነ የዶሮ ጥብስ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ በምን እንደሚጠብሱት አንድ ጊዜ ጠይቅ። በአሳማ ስብ ነው ካሉህ ተወው። ሜንቺ ካትሱ የሚሉት የተፈጨ ሥጋ ብዙ ጊዜ የላምና የአሳማ ድብልቅ ነው። ሾርባውን ስትቀበል ቶንጂሩ መሆኑን ጠይቅ፤ ያ የአሳማ ሥጋ ያለበት ነው፥ አንተም የጠጣኸው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ከጠየቅህ በኋላ ግን እንደ መርማሪ ወጥ ቤት ድረስ አትግባ።

በጾም ቀን ከሆነ ነጭ ሩዝና በቀጭኑ የተከተፈው ጥቅል ጎመን አሉልህ፤ በብዙዎቹ ቤቶች እነዚህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደግሙልሃል። ተራው የሚሶ ሾርባ እንኳ መረቁ ብዙውን ጊዜ ከዓሣ የሚወጣ ስለሆነ ጾሙን በጥንቃቄ ለሚይዝ ይቅርበት። ይህ እራት አይሆነኝም ካልክ ግብዣው ወደ ሐሙስ እንዲዞር አስቀድመህ ለምን። ቀን ሲመረጥ ሁሉንም የመጠየቅ ልማድ ካላቸው ይህ ከባድ አይደለም።

ስለ ቁርባን የጠየቅኸውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልቆርጥልህ አልችልም። ለንስሐ አባትህ ደውልላቸው፤ ሩቅ አገር ቢሆኑም ስልክ ያገናኛችኋል። የሾርባውን ነገር፣ የዓርቡን ጥሉላት፣ ለአለቃህ የተናገርከውን ውሸትና ከጓደኛህ ጋር መቀያየምህን ሳታሳንስም ሳታጋንንም ንገራቸው። ጓደኛህን ይቅርታ ከመጠየቅህ በፊት አትደውል፤ ታርቀሃል ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ቀኖና መስጠትም ሆነ ቁረብ ወይም ቆይ ማለት የእርሳቸው ድርሻ ነው።