ኮማንዶ ለመሆን ለምትዘጋጁ የጅማ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ በሁለት ወር ተዘጋጅቼ የኮማንዶ ምልመላ ማለፍ እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ሌላ ልጅ አስታወሰኝና መልሱን ለሁላችሁም ልጽፍ ተነሳሁ።

ሁለት ወር ለሳንባ ይበቃ ይሆናል፤ ለአጥንት አይበቃም። ሩጫ ስትጀምሩ ትንፋሻችሁ በጥቂት ሳምንታት ሲከፈት ይታወቃችኋል። አጥንት ግን አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ቀጥሎ ነው አዲሱን የሚገነባው። በዚያ መሃል፣ ጉልበት ተሰማኝ በምትሉበት ሰዓት፣ አጥንታችሁ ከወትሮው ይደክማል።

ያ የሚቆጨኝ ልጅ የተጎዳው እዚህ ላይ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ የሚደርስበት አልነበረም። የጎዳው ቁልቁለቱ ነው። አሸዋ የሞላ ቦርሳ አዝሎ አስፋልቱን እየሮጠ ይወርድ ነበር። መጀመሪያ አገዳውን አመመው፤ ሰውነቱ ሲሟሟቅ ይተወዋል። ቆይቶ ሲሟሟቅም አልለቀው አለ። በኋላ ሌሊት ተኝቶ ይጠዘጥዘው ጀመር። ማስታገሻ እየዋጠ ዝም አለ፤ ከተናገርኩ ደካማ ይሉኛል ብሎ ነው። ራጅ ሲነሳ ምንም የለም ተባለ። እንዲህ ያለ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይታይ እንደሚችል የነገረው ሰው የለም። ደስ ብሎት ወደ ሩጫው ተመለሰ፣ አጥንቱም እዚያው ቁልቁለት ላይ ለሁለት ተሰበረ። ቀድሞ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ቢያርፍ ይድን ነበር። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳለ ምልመላው አለፈው። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አገዳችሁን በአንድ ጣት ጫፍ ከላይ እስከ ታች ተጫኑት። ሕመሙ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥራ ቀንሶ ማረፍ ይበቃዋል። አንዲት ነጥብ ስትነካ ብድግ የሚያደርጋችሁ ከሆነ ግን ሩጫ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ካልተወ ተመልሳችሁ ታዩ።

ሸክም በ10 ኪሎ ይጀመር፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በእርምጃ ብቻ። በየሁለት ሳምንቱ 2 ኪሎ ጨምሩ። አሸዋውን በፌስታል አስራችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉትና ከትከሻችሁ መካከል ጀርባችሁን ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ወደ ታች ከወረደ ወገብ ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ሸክም ይዞ መሮጥ የለም።

የዛሬ ልጆች በስልክ ያያችሁትን ሁሉ በማግስቱ መሞከር ትወዳላችሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ኮማንዶ፣ የሲልስ፣ የመግቢያ ፈተና ዝቅተኛው መስፈርት እኮ 50 ፑሽ አፕ በ2 ደቂቃ፣ 10 ፑል አፕ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ 457 ሜትር ዋና በ12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ተአምር አይደለም፤ በዓመት የሚደረስበት ነው። የእኛ ምልመላ የራሱ መስፈርት አለው፣ ቁጥሩን ለመለኪያ ያህል ያዙት። ሌሊቱን ጫት ይዞ አንግቶ ጠዋት ልምምድ የሚወጣ ግን ድካሙን በከንቱ ያፈሳል፤ ሰውነት የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው።

ሙቀቱንም አትናቁ። ጅማ ወይና ደጋ ናት፤ ኮማንዶ የሚሰለጥንበት ብላቴ ቆላ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የእንግሊዙን ልዩ ኃይል፣ የኤስኤኤስን ተጠባባቂ ክፍል ለመቀላቀል በዌልስ ተራሮች ሸክም ይዘው ሲጓዙ ሦስት ወታደሮች በሙቀት ሞተዋል። እንግሊዝ ቀዝቃዛ አገር ናት ብላችሁ አስቡት። ጓደኛችሁ ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲምታታ ካያችሁ «ጨክን፣ ትንሽ ቀረህ» አትበሉት። ጥላ ሥር አጋድሙት፣ ሸክሙንና ልብሱን አውልቁለት፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡለት። መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ባጃጅ ጥሩ።