መልስ፦ ሳያቅዱ መሳል መሞነጫጨር ነው ወይ?

ወንድሜ፣ «ሳላቅድ ስጀምር ሸራዬ ዝብርቅርቁ ይወጣል፤ በስሜት መሳል ማለት እንዲሁ መሞነጫጨር ነው ወይ?» ብለሃል። አይደለም። ችግሩ ቶሎ ተስፋ መቁረጥህ ይመስለኛል።

ማክስ ኧርነስትን ተመልከት። ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ የገባው ሕጋዊ ወረቀት ሳይኖረው ነበር። በ1925 ያረጀ የእንጨት ወለል ላይ ዓይኑ ተተከለ። ወረቀት አነጠፈበትና በእርሳስ ፈተገው፤ የእንጨቱ ጅማትና ስንጥቁ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ፍሮታዥ የሚሉት ዘዴ ይህ ነው። ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከምልክቶቹ መሃል ደን ወይም ወፍ ብቅ እስኪልለት ድረስ አፍጥጦ ያያል፤ ያየውን ያጎላል፣ ሌላውን ይተዋል። እጅ ይቀድማል፣ ዓይን ይከተላል፤ ምርጫው ግን ምንጊዜም የሠዓሊው ነው። እንደ ኧርነስት ያሉትን ሱሪያሊስቶች፣ ማለትም ከሕልምና ከድብቅ አእምሮ ምስል የሚፈልጉትን ሠዓሊዎች፣ ከመሞነጫጨር የሚለያቸው ይኸው ነው።

እኔም ሰው አገር ሆኜ ነው የምስለው። በቋንቋ ያልወጣልኝ ነገር በእጄ ሲወጣ ስንት ጊዜ አስለቅሶኛል! ቀለሙን ካፈሰስኩ በኋላ ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሦስት ቀን አቆየዋለሁ። በቅርቡ ስመልሰው ከቡናማው ነጠብጣብ ውስጥ ጀርባዋን የሰጠች ሴት አገኘሁ። ትከሻዋ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ጨምሬ ተውኩት።

ስለዚህ ያንን ሸራ እባክህ ቀለም አትደርብበት። ዘቅዝቀህ አቁመውና ከነገ ወዲያ እየው፤ ምን እንዳገኘህበት እዚሁ ጻፍልኝ።