ተኩላውን ከማሻሻልሽ በፊት ላሜራውን ለኪ

እህቴ፣ የተኩላ መንጋን አደን አስመስሎ ምርጥ መልስ የሚፈልገው ግሬይ ዎልፍ አልጎሪዝም ላይ ሌቪ ፍላይት (አልፎ አልፎ ረጅም ዝላይ ያለበት የዘፈቀደ እርምጃ) ጨምረሽ፣ በግፊት ታንክ ዲዛይን (ታንኩን በትንሹ ዋጋ የመሥራት የሙከራ ችግር) 5885 ዶላር እንዳገኘሽ ጽፈሻል። የታወቀው ምርጥ ውጤት 6059.71 ስለሆነ «ቴሲሴ በዚህ ያልቃል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ድሬ ሆኜ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

በዚህ ችግር የገላውም የክዳኑም ውፍረት የ0.0625 ኢንች ብዜት መሆን አለበት። 5885 የሚመጣው ውፍረቱ እንዳሻው እንዲሆን ሲለቀቅ ነው። እኔ 0.778 ኢንች አግኝቼ፣ በደስታ ወረቀቱን ይዤ ሳቢያን አንድ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በያጁ ወደ 19.8 ሚሊሜትር እንደሆነ ስነግረው ካሊፐሩን አነሳና ግድግዳው ላይ የተደገፉትን ቁራጮች አንድ በአንድ ለካቸው። «እንዲህ ያለ ላሜራ የለም፤ ቀጥሎ ያለውን ወፍራሙን ነው የምትወስደው» አለኝ። ያን ማታ ውፍረቱን ወደ 0.0625 ብዜት የሚያጠጋጋ አንድ መስመር ኮዱ ላይ ጨመርኩ። ውጤቱ ከ6059 በታች አልወርድ አለ፦ ገላው 0.8125፣ ክዳኑ 0.4375፣ ራዲየሱ 42.0984፣ ርዝመቱ 176.6366 ኢንች። ስለዚህ ያንቺ 5885 የሌላ ችግር መልስ ነው፤ ከ6059 ጋር አታወዳድሪው።

ሁለተኛው የገደቦቹ (ታንኩ ማሟላት ያለበት ሁኔታዎች) አያያዝ ነው። እኔ ገደብ ለጣሰ መፍትሔ በትልቅ ቁጥር የተባዛ ቅጣት እጨምር ነበር፤ ቁጥሩን በቀየርኩ ቁጥር ውጤቱም ይቀየራል። በኋላ ተመራማሪው ዴብ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበውን ደንብ ወሰድኩ፦ ገደብ ያልጣሰ የጣሰውን ያሸንፋል፤ ሁለቱም ካልጣሱ ዋጋው ያነሰው፣ ሁለቱም ከጣሱ ጥሰቱ ያነሰው ያልፋል። የሚስተካከል ቅጣት የለውም። እውነቱን ለመናገር ከሌቪ ፍላይት የበለጠ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ደግሞ በ2014 የወጣው ግሬይ ዎልፍ ወደ ዜሮ የመሳብ ጠባይ አለው። መልሳቸው ዜሮ ላይ ባሉ የሙከራ ፈንክሽኖች የሚያምረው በዚህም ምክንያት ነው። መልሱን ከዜሮ አርቀሽ ፈትኚው፤ የኔ «ማሻሻያ» ግማሹ እዚያ ላይ ጠፋ።

አድቫይዘርሽ «አዲስ ነገር አምጪ» ካለሽ፣ አዲስ እንስሳ ፍለጋ አትሂጂ። ሐረር ጀጎል ግንብ ሥር ጅብ ሲበላ ያየ ሁሉ የጅብ አልጎሪዝም ያስብ ይሆናል፤ በ2017 ግን የጅቡም አልጎሪዝም ወጥቷል፤ ተመራማሪው ሶረንሰንም በ2015 እንዲህ ያለው ዘይቤ ብቻውን ሳይንስ እንደማይሆን በግልጽ ጽፏል። አዲስነቱን የትኛው ጭማሪሽ ለምን እንደሠራ በማሳየት አምጪው። ሌቪውን አውጥተሽ 30 ጊዜ፣ መልሰሽ 30 ጊዜ፣ በእኩል የፈንክሽን ስሌት ብዛት አስኪጂው። ከምርጡ ይልቅ ሚዲያኑን (የመሃሉን ውጤት) ጻፊ፣ ልዩነቱን በዊልኮክሰን የስታቲስቲክስ ፈተና ፈትሺ፣ የ1997ቱን ዲፈረንሻል ኢቮሉሽን አልጎሪዝምም ከጎኑ አስቀምጪ። ካሸነፈሽም ደብቀሽ አትለፊው።

ዛሬ ማታ ግን ከዚያች የማጠጋጊያ መስመር ጀምሪ፤ የሚወጣውን ቁጥር እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።